ቁልቁል የጮኸችው መኪና

ባምላክ ከነአኩቶ ለአብ መገንጠያ በላይ፣ መንገዱ ሰፍቶ ቀጥ በሚልበት ስፍራ፣ ከገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘ። ቀይዋ መኪናው በጣሪያዋ ተደፍታ አራት ጎማዎቿን ወደ ሰማይ አንጋጣለች። ከአካሏ ሁሉ ሳይጨረማመት የቀረው በሆዷ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋው ሰፊ የጭስ ማውጫ ቱቦ ብቻ ነበር፤ የጥቅምት ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል።

ከተማዋ ፍርዷን ለመስጠት አልዘገየችም። በመንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት የለም፤ ስፍራው ጠመዝማዛ አይደለም፤ ዝናብም ጭጋግም አልነበረም። ባምላክ ደግሞ ቱሪስት ከጠፋና ጦርነት የሀገሩን በር ከዘጋ ወዲህ ሥራ የፈታ የአስጎብኚ ሾፌር ነበር። ጠላ ቤት ተቀምጦ «ከዚህ ገደል ብወርድ ይሻለኛል» ማለቱን የሰሙ ብዙዎች ናቸው፤ ከሰሙትም ብዙዎቹ ራሳቸው ያንኑ ብለው ያውቃሉ። ስለዚህ «ራሱን ገደለ» ተባለ። ራሱን ለገደለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አታደርግም፤ በቅጽሯም አትቀብርም።

እናቱ ወይዘሮ ሙሉዬ ግን «ልጄን እንደ ውሻ ከአጥር ውጭ አልጥልም» ብለው ሬሳውን ከሆስፒታል አላነሣ አሉ። ሽማግሌዎች እስከ ማግስቱ ምሽት ብቻ ታገሡአቸው። በዚያ ማግስት፣ ገና በማለዳ፣ ዋና ኢንስፔክተር ጀውሀራ ከወልድያ ደረሰች።

ጀውሀራ የደሴ ተወላጅ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ የምታስር፣ ሐሳብ ሲገባት ቅርንፉድ የምታኝክ ሴት ናት። የሙያዋ ዘመን አንድ መራራ ነገር አስተምሯታል፤ ተስፋ በነጠፈበት ሀገር «ራሱን ገደለ» የሚለው ቃል ለማንኛውም ሞት አስቀድሞ የተሰፋ ልብስ ነው። ለሁሉም ይሆናል፤ ማንም አይለካውም።

በመጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ነበር። ከጭንቅላቱ በስተኋላ አንድ ጥልቅ ቁስል አለ። በደረቀው ደም ውስጥ ደቃቅ፣ ተበጥሮ የጠራ፣ እሳት የነካው የሚመስል ጥቁር አሸዋ ተጣብቋል። በጣቷ አንሥታ በወረቀት ቋጠረችው። ሐኪሙን «ይህን ቁስል ከሌሎቹ ለይተህ መርምርልኝ» ብላ ወጣች።

የአካባቢው ሰው የሆነው ሳጅን ደሳለ የፖሊሱን ፒክአፕ ይዞ ወደ ሟች እናት ቤት ቁልቁል መራት። የኮረብታውን ትከሻ እንደ ዞሩ ሞተሩን አጠፋው። መኪናዋ በገዛ ክብደቷ ትንሸራተት ጀመር፤ የነፋስ ፉጨት ብቻ ቀረ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች፤ በፎሌ ነው፤ ማርሽ አውጥቼ ለቀቅኋት። ነዳጅ በሀይላንድ ጠርሙስ እየተቸረቸረ ማን ቁልቁለት ላይ ያቃጥላል ብለው ነው? እኛ ዘንድ ሽቅብ በቤንዚን፣ ቁልቁል በእግዜር ነው።»

«ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ አይደነድንም?»

«ይደነድናል። እግር ያጠነክራል፣ ኢንስፔክተር።»

«እግርህን ተወውና ፍሬኑን አላህ ያጠንክርልህ» አለችና ከመንገዱ በታች አሻቅቦ የሚያየውን ገደል ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ወይዘሮ ሙሉዬ ከግቢያቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቀብር ስላልተፈጸመ ድንኳን አልተተከለም፤ ለቀስተኛውም ይቀመጥ ይሂድ ግራ ገብቶት አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«እማማ፣ አላህ ያጽናዎት።»

«አሜን ልጄ። እስላም ነሽ? ይሁን። ካህናቱ ሊያዩልኝ ያልቻሉትን አንቺ እይልኝ። ልጄ ገደል እያየ ያደገ ልጅ ነው፣ ገደል አይገባም።»

«ማታ ማታ የሚያድረው እዚህ ነበር?»

«እዚሁ ነበር። ማለዳ ወደ ከተማ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። ሲመጣ አይሰማ፤ ድንገት በሬ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ሲሄድ ግን ሀገሩን ሁሉ ያስነሣል። ‹ሰው መምጣቱን ያስነግራል፤ አንተ መሄድህን ታስነግራለህ› እለው ነበር።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እነሱው ናቸው እንዲያ ያስጮኋት፣ እሱና ፈንታው። የፈንታው እናት በወሊድ ስትሞት ሁለቱንም ያጠባሁ እኔ ነኝ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ከዚያ ማታ ወዲህ እህል አልቀመሰም አሉኝ። አንዱን ገደል በላብኝ፣ ሌላውን ኀዘን ሊበላብኝ ነው።»

ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተገኙት ቄስ ወልደ ኪዳን በመኪናዋ ላይ የነበራቸውን ቁጣ አልሸሸጉም። ሽምግልናቸው ገና ያልደረሰበት የሚመስል ብርቱ ድምፅ ነበራቸው።

«ኪዳን ስናደርስ ከታች ሽቅብ እያገሣች ትመጣለች፤ ጸሎታችንን ትቀማናለች። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን ካልመለስህ ብዬ ገዘትሁት። ‹አባ፣ እንድትተነፍስ ነው› አለኝ። መኪና ምን ነፍስ አላትና ትተነፍሳለች?»

«በዚያ ምሽትስ ምን ሰሙ፣ አባ?»

«ከላይ እያገሣች ወረደች። ከመገንጠያው በላይ ስትደርስ ባለችበት ቆማ ታጉረመርም ጀመር፤ እንዲያው ለጥቂት ጊዜ። ሰይጣን ሲያማክረው ነው አልን። ከዚያ ገደሉ ጮኸ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የጨከንሁ እንዳይመስልሽ ልጄ። ሥርዓቱ ነው። ያጠመቅሁት ልጅ ነው።»

ሰብሌ የባምላክ እጮኛ ነበረች፤ ቱሪስት የማይገባበት የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ በአቧራ በተሸፈኑ መስቀሎች መካከል ተቀምጣ አገኟት። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልሁት እያሉ ነው፣ አይደል? አስጨንቃው ነው ይላሉ።»

«አስጨንቀሽው ነበር?»

«ሊሄድ ነበር። በአፋር አድርጎ፣ በጅቡቲ፣ በባሕሩ ወደ ዐረብ ሀገር። ባለፈው ሰሞን ወደ እናቱ ቤት ስንወርድ፣ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ፣ በሹክሹክታ ነገረኝ። መኪናዋንም ወልድያ ያለ በድሩ የሚባል ነጋዴ ሊገዛት ተስማምቷል አለኝ። አልጮኽሁበትም። ምን ብዬ? ቆይ ልበለው? ምን ሊሆን ይቆይ?»

ጀውሀራ ቅርንፉዷን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረች። «በሹክሹክታ» የሚለው ቃል አእምሮዋ ውስጥ ቀረ።

ተዘግቶ የከረመው ሆቴል ባለቤት አቶ አዳም ምሬቱን በቀልድ የሚጠቀልል ሰው ነበር። በረንዳው አጥር የለውም፤ ጀውሀራ ባዶውን ጠርዝ ስታይ ሳትጠይቀው ቀደማት።

«የት ሄደ መሰለሽ? ገደል ውስጥ ነው! የማይዝግ ብረት ነበር። ባምላክና ፈንታው ሌሊት ነቅለው ወስደው ለመኪናቸው አንጀት አደረጉት። ፈረንጅ ተደግፎት ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይበትን አጥር!»

«ተቀየምኸው?»

«አንድ ሰሞን። ኋላ ሳስበው የሚደገፈው ሰው የለ፤ ቢያንስ አንዱ ዕቃዬ ከዚህ ሀገር ይውጣ አልሁ። እሱም ሳይወጣ ቀረ።»

የፈንታው ጋራዥ ከከተማዋ ጥግ ያለ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። ብረት የሚቆነጥጥ ትልቅ ሞርሳ የተገጠመበት ረጅም ጠረጴዛ፣ በጄኔሬተር የሚሠራ የብየዳ ማሽን፣ ከግድግዳው ጥግ የተከመረ ጥቁር አሸዋ ይታያል። ፈንታው የሠላሳ ዓመት ሰው ይሆናል፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። እጆቹ ግን የቁራጭ ቱቦ ጠርዝ በሞረድ ይሞርዳሉ።

«በለቅሶህ ላይ ትሠራለህ?»

«እጄ ሥራ ከፈታ ወደ ጭንቅላቴ ይሄድብኛል፣ እታለም።»

«እስኪ የሠራኸውን አስረዳኝ። ይህ ሁሉ ድካም ለጩኸት ነበር?»

የቀላው ዓይኑ ለአፍታ በራ። «ጩኸቱ ትርፉ ነው። ያች መኪና የውድድር ዘር ናት፤ ጭሱን መልሶ ኃይል የሚያደርግ ቱርቦ አላት። ፋብሪካው ግን ጠባብ ቱቦና ድፍን ማርሚታ አድርጎ አፍኗታል። እኛ ባለንበት ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ነው፤ ያስገባውን ካላስወጣ ይታፈናል። ስለዚህ ሰፊ ቱቦ ዘረጋሁላት። ብረቱ ሲታጠፍ እንዳይኮማተር በተበጠረ ደረቅ አሸዋ ሞልቼ፣ ጫፍና ጫፉን ደፍኜ፣ በእሳት አግዬ በዝግታ አጠፍሁት። ዓመት ፈጀብኝ። አዲስ አበባ ወስደን ልናወዳድራት ነበር፤ እሱ ሾፌር፣ እኔ መካኒክ።»

«በእንዲህ ያለች መኪና ውስጥ ሰው እንዴት ይነጋገራል?»

«ኧረ አይነጋገርም!» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ራሱን እንዳስደነገጠው ሁሉ ወዲያው ወደ ሞረዱ ተመለሰ። «ይጮኻል እንጂ። ሽቅብ ሆነ ቁልቁል፣ እሷ ናት የምትናገረው።»

«ባምላክ በዚያ ምሽት እዚህ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ሄደ። ሁልጊዜ ሲሄድ በር ላይ ቆሜ እሰማታለሁ፤ እስከ ኮረብታው ትከሻ። ከዚያ በኋላ ተራራው ድምፁን ይውጠዋል።»

ጀውሀራ ጎንበስ ብላ ከክምሩ አሸዋ በጣቷ ቆነጠረች።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ስትጀምር ሁሉንም እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ሙሉዬን የጋራዡ ብቸኛ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ፈንታው ከአጠገባቸው ቆመ፣ እጃቸውንም ትከሻው ላይ አሳረፉ። ቄስ ወልደ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ፣ ሰብሌና አዳም ግድግዳውን ተደግፈው፣ ደሳለ ከኋላ።

«እማማ ሙሉዬ» አለች ጀውሀራ፣ «ልጅዎ ማታ ሲመጣ ድምፅ የለውም ብለውኛል። አባ፣ እርስዎን የሚያውክዎት ማለዳ ሽቅብ ሲወጣ ነው፤ ማታ አውኮኛል አላሉኝም። ሰብሌ፣ ቁልቁለቱ ላይ በሹክሹክታ አወራሽ። ሀገር በሚያስጮህ መኪና ውስጥ ማን ያንሾካሹካል?»

«ሞተሩን ያጠፋው ነበራ» አለች ሰብሌ፣ ነገሩ የታወቀ እንደሆነ ሁሉ። «ከኮረብታው ትከሻ በታች ሁልጊዜ በፎሌ ነው የሚወርደው። ነዳጅ ከየት ይመጣል?»

ፈንታው ቀና አለ።

«እንግዲያው» አለች ጀውሀራ፣ «ቁልቁል ጮኻ የማታውቅ መኪና በዚያ ምሽት ብቻ ቁልቁል ጮኸች።»

አቶ አዳም ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሊሞት የወሰነ ሰው ነዳጅ ለማን ብሎ ይቆጥባል?»

«ደግ ጥያቄ ነው። እኔም መንገዱን ሁሉ ስጠይቀው መጣሁ።» ከኪሷ ቋጠሮውን አውጥታ በጠረጴዛው ላይ ፈታችው። «ይህ አሸዋ ከሟች የኋላ ጭንቅላት ቁስል ውስጥ የወጣ ነው። ገደሉ ሥር ያለው ቀይ አፈርና ድንጋይ ነው። የተበጠረ፣ እሳት የቀመሰ ጥቁር አሸዋ በዚህ አካባቢ ያለው እዚህ ወለል ላይ ብቻ ነው። ቁስሉ ገና ደም ሲያፈስ ባምላክ እዚህ ወድቆ ነበር። ጭንቅላቱ የተፈነከተ ሰው ደግሞ ተነሥቶ አይነዳም። ሌላ ሰው አጠገቡ አስቀምጦት ነዳ። አባ፣ መኪናዋ ቆማ ያጉረመረመችው ሰይጣን እያማከረው አልነበረም፤ ያ ሰው ባምላክን ወደ መሪው እያዛወረ ነበር። ከዚያ መኪናዋን ወደ ገደሉ ለቀቃትና ሽቅብ በሚያወጣው አቋራጭ በእግሩ ተመለሰ።»

ከውጭ የዶሮ ድምፅ ተሰማ።

«ያ ሰው ሞተሩን ለምን አላጠፋም? ሰው እንዲሰማ ስለ ፈለገ ነው። ‹ባምላክ እንደ ልማዱ በሰላም ወረደ፣ ሰማነው› እንዲባል። ልማዱ ግን ዝምታ ነበር። እዚህ ካለነው ሁሉ ይህን የማያውቅ ማን ነው? እናቱ ታውቃለች። እጮኛው ታውቃለች። አባ ያውቃሉ። አቶ አዳም?»

«ሆቴሌ እንግዶች በነበሩት ጊዜም በፎሌ ነበር የሚያወርዳቸው» አለ አዳም በቀስታ። «ፈረንጆቹ ይጮኹ ነበር።»

«ፈንታው፣ አንተ ግን ዛሬ ጠዋት ‹ሽቅብ ሆነ ቁልቁል እሷ ናት የምትናገረው› አልኸኝ።»

ፈንታው ወደ ሰብሌ ዞረ። ፊቱ ላይ የታየው ፍርሃት ሳይሆን የተከዳ ሰው ግርምት ነበር። «በፎሌ ነበር የሚወርደው? እኔ እኮ… ሞተሩ ከጠፋ ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪው ይከብዳል ብዬ አስምዬው ነበር። እሺ ብሎኝ ነበር።»

«‹ለፈንታው እንዳትነግሪው፣ ይሰጋብኛል› ይለኝ ነበር» አለች ሰብሌ። አሁን እንባዋ መጣ። «እስከ ትከሻው ድረስ የሚያስጮኻት ላንተ ብሎ ነው። አንተ እንድትሰማት።»

ወይዘሮ ሙሉዬ እጃቸውን ከትከሻው ላይ አላነሡም። ምናልባት ገና አልገባቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ገብቷቸዋል።

«ቁረጠው አለኝ» አለ ፈንታው። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር። «በድሩ ጩኸት አይፈልግም፣ የፋብሪካውን ማርሚታ መልስላት፣ ይህን ቁረጠው አለኝ። እንደ ጥፍር። አዲስ አበባስ አልሁት፤ ‹ፈንታው፣ የምን አዲስ አበባ? መንገዱ እኮ ተዘግቷል፣ መቼም አይከፈትም› አለኝ። ገፋሁት። መምታት አልነበረም፣ መግፋት ነው። ሞርሳው ላይ ወደቀ። ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግሁ፤ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ሞተ አልሁ። አደጋ ነው ይሉታል ብዬ ነበር። ራሱን ገደለ ይላሉ ብዬ አላሰብሁም፤ ፍትሐት ይከለክሉታል ብዬ… ዛሬ ልናገር፣ ነገ ልናገር ስል…»

ጀውሀራ ሻሿን አጠበቀች። የቀረውን መናገር አልፈለገችም፤ መዝገብ ላይ ግን ይጻፋል፣ መዝገብ ላይ የሚጻፈውን ደግሞ ከሌላ አፍ እንዲሰሙት መተው ፍርሃት ነው።

«ሐኪሙ እኩለ ቀን ላይ ደውሎልኝ ነበር። የጭንቅላቱ ቁስል ብቻውን የሚገድል አልነበረም። በገደሉ የደረሱበት ስብራቶች ሁሉ ደም አፍስሰዋል። የሞተ ሰው እንዲያ አይደማም። ሲወድቅ በሕይወት ነበር።»

ፈንታው በጉልበቱ ተንበረከከ። አዳም ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ። ደሳለ ካቴናውን አውጥቶ ይዞ ቀረ፤ ወደ ማን እንደሚሄድ የጠፋው ይመስል ነበር።

ቄስ ወልደ ኪዳን ቀድመው ተናገሩ። «እማማ ሙሉዬ፣ ልጅዎ ራሱን አልገደለም። ፍትሐቱ ይደረጋል፤ እኔው አደርገዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ለእግዜር» አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ። «አገኘሁ እንግዲህ። ለሞተው ፍትሐት አገኘሁ። ለቆመውስ፣ አባ? ለሱ የሚፈታ ነገር አላችሁ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ።

ደሳለ ፈንታውን ደግፎ አስነሣው። ካቴናው ሲገባ ፈንታው እጆቹን እንደ ሕፃን አቀረበለት። በሩ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ሙሉዬ ተነሥተው መንገዱን ዘጉ። ሁሉም የሚረግሙት ወይም የሚያቅፉት መሰለው። ሁለቱንም አላደረጉም። ያጠቡትን ፊት ትክ ብለው አዩት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሲወድቅ ጮኸ? ጠራኝ?»

ፈንታው የታሰሩ እጆቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

«አልሰማሁም፣ እማዬ። መኪናዋ ነበር የምትጮኸው።»